አምስቱ ለወፍ

 

ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን «ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ?» በሚል ርዕስ አንድ ገጽ ድርሰት እንድንጽፍ አዘውን ነበር። እኔም «ቤተሰቤን በሥራ በማገዝ፣ መጻሕፍትን በማንበብና ስፖርት በመሥራት አሳለፍኩ» ብዬ ጻፍኩና ከአስር ስምንት አገኘሁ። ውሸት አይደለም። ግን ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ሰው የጻፈው ያንኑ ነው። ሚኒ ሚዲያ ክበባችን ለዚህ እትም ጽሑፍ ሲጠይቀኝ ያንኑ ድርሰት በቆንጆ ጽሕፈት ልገለብጠው ቁጭ አልኩ፤ ከዛ ተውኩት። ምክንያቱም ቤተሰቤን በሥራ ያገዝኩት ራሴ ያበላሸሁትን ለማስተካከል ነው። ስፖርቱም ቢሆን ያን ዕለት የሠራሁት ነው ጣጣውን ያመጣው። ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ ትቼ አንዱን ቀን ብቻ ልንገራችሁ። ቀኑ ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት ነበር።

መጀመሪያ ግቢያችንን እወቁት። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ከራሳችን በላይ ስለሆነ ደመናው ለሌላ ሰፈር ከመድረሱ በፊት እኛ ጋ ነው የሚያራግፈው። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት አለ። አንዱ የእኛ ነው። አንዱ የሸማኔው ጎረቤታችን ነው፤ ቀኑን ሙሉ የመወርወሪያቸው ድምፅ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሦስተኛው ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ነው። እኚህን እናት እኛ ልጆች በሌሉበት «እማማ ዶሮ» እንላቸዋለን፤ አራት ሴት ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ አላቸው። (ይህን መጽሔት እንደማያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ።) እማማ ዶሮና አያቴ እኔ ሳልወለድ፣ እማዬም ገና ሕፃን ሳለች ጀምሮ ቡና አብረው ይጠጣሉ። አያቴን እምዬ ነው የምላት።

ከቤታችን ፊት ለፊት ልብስ የምናጥብበት ሊሾ አለ። ከሊሾው ቀጥሎ የእኔ ሦስት እርምጃ የሚሆን መሬት፣ ከዛ አሮጌው የድንጋይ አጥር አለ። አጥሩ በአንድ በኩል በሲሚንቶ ተለስኗል። ለምን እዛ ጋ ብቻ እንደተለሰነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ እደርስበታለሁ። ያቺ መሬት እስከ ሰኔ ድረስ የእኔ ሜዳ ነበረች። ኳስ ከአጥሩ ጋር የምጫወተው እዛ ነው። ሰኔ ላይ ግን እምዬ «ጎመን በዚህ ዋጋ ስገዛ አልኖርም» ብላ ቆፈረቻት። ፍግ አለበሰቻት፣ ውሃው እንዲወርድ መደቡን ከፍ አደረገች፣ በአሮጌ ሳፋ ያፈላችውን የሐበሻ ጎመን ፍል አዛወረችበት። ሦስት ረድፍ ነው፤ በየረድፉ 15 እግር። ለምን 15 እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እኔ የተሰማኝ ሜዳዬ መወሰዱ ብቻ ነው። ሁለት ቀን አኩርፌ ነበር፣ ማንም አላስተዋለም እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ቴኒስ። በሐምሌ መጀመሪያ አጎቴ ቤት ዊምብልደንን በቴሌቪዥን አይቼ ነበር። ሁሉም ነጭ ይለብሳሉ፣ ሜዳው ሳር ነው። ዝናብ ሲጥል ጨዋታው ይቆምና ሰዎች እየሮጡ ሜዳውን በትልቅ ሸራ ይሸፍኑታል። ዋናው ሜዳ ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከፈትና የሚዘጋ ጣሪያ አለው። አጎቴ ስለ ሴሬና ዊሊያምስም ነገረኝ። እሷና እህቷ ቬነስ በልጅነታቸው ኮምፕተን በሚባል ከተማ በሕዝብ ሜዳ ላይ ነው አባታቸው ያሠለጠናቸው፤ ሴሬና በነጠላ ጨዋታ 23 ታላላቅ ዋንጫ አንስታለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ በቃ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ፀጉሩ ያለቀ አንድ የቴኒስ ኳስ አለኝ። ራኬት ግን የለኝም።

ማለቴ፣ የእኔ ራኬት የለኝም። ቤታችን ውስጥ ግን አንድ ራኬት አለ። ሳሎን፣ ከአባባ ፎቶ አጠገብ በሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አባባ የእምዬ ባል፣ የእማዬ አባት ናቸው። ያረፉት እኔ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ራኬቱ እንደ ዛሬዎቹ ቀላል ነገር ሳይሆን እንጨት ነው። አራት ጥግ ባለው የእንጨት መያዣ መሃል ገብቶ በአራት ብሎን ተጠብቋል። የድሮው ጅማት ተበጥሶ ስለነበር ጎረቤታችን ሸማኔው በጠንካራ የናይለን ክር አጠላልፈውለታል፤ ለእሳቸው ምን ይከብዳል። ግን ሠርተው ሲሰጡን እምዬ መልሳ ሰቀለችው። «አትንኩት» ብላ እንኳ ከልክላን አታውቅም። ማናችንም አስነክተነው ስለማናውቅ መከልከል አላስፈለጋትም።

እንግዲህ ሐምሌ 19 ጠዋት እምዬ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ገብርኤል ሄደች። እማዬ ሥራ ገባች። እኔ ታናሽ ወንድሜን እንድጠብቅ ታዘዝኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያካፋ አድሮ ለጊዜው አባርቷል፤ ሰማዩ ግን እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ወንበር ላይ ወጣሁ። ብሎኖቹን በሳንቲም ፈታኋቸው።

ራኬቱን ስይዘው የተሰማኝን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። መያዣው ላይ የተጠመጠመው ቆዳ በሰው እጅ ቅርፅ ተበልቷል፤ የእኔ ጣቶች ግን ከዛ ቅርፅ በጣም ያንሳሉ። ይዤው ሊሾው ላይ ቆምኩ። ሕጉን ራሴ አወጣሁ፦ ጎመኑ መረብ ነው። ኳሱን ከሊሾው ላይ እመታለሁ፣ ጎመኑን ተሻግሮ አጥሩን ይመታል፣ ተመልሶ ሊሾው ላይ ከነጠረ ነጥብ አለኝ። ጎመኑ ላይ ከወደቀ ነጥቡ የአጥሩ ነው። ወንድሜ ኳስ አቀባይ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ እውነቴን ነው፣ ጥሩ እጫወት ነበር። አንድ ጊዜ ሳላቋርጥ ስድስት መታሁ። በኋላ ግን ኳሱ እርጥብ መሬት ላይ እየተንከባለለ ውሃ ጠጣ። የቴኒስ ኳስ ከ60 ግራም በታች ነው የሚመዝነው፤ ሲረጥብ ግን ይከብዳል፣ መንጠርም ይሰንፋል። አጥሩን ይመታና ዱብ ይላል። የት ዱብ ይላል? ጎመኑ ላይ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ወንድሜ ደግሞ ኳሱን ሊያመጣ በገባ ቁጥር መሃለኛውን ረድፍ በቦቲው ይረግጠዋል። እኔ አይቼዋለሁ። «ተጠንቀቅ» ብዬዋለሁ፤ ግን ጨዋታውን አላቆምኩም። ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር፣ አሁን እናንተ አወቃችሁ። ስምንት ለስድስት እየመራሁ ነበር፤ ከአጥር ጋር።

የውጪው በር ሲንኳኳ ልቤ ቀጥ አለ። እምዬ ናት። ሮጬ ራኬቱን ከበርሜሉ ኋላ፣ የጣሪያ ውሃ ከምናጠራቅምበት ጥቁር በርሜል ኋላ ወሸቅኩት። ኳሱን ኪሴ ከተትኩ። ወንድሜ ዓይኔን አይቶ «ዳቦሽን ትሰጪኛለሽ?» አለ። እሺ አልኩት። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲያድግ ምን እንደሚሆን እንጃ።

እምዬ ገባች፣ ጠበል የያዘችበትን ጠርሙስ አስቀመጠች፣ ከዛ ጎመኑን አየችው። ዝም ብላ ጎንበስ አለች። ዘጠኝ እግር ተሰብሯል። አንዱን ከጭቃው አነሳችና «ይኼን ምን ነካው?» አለች።

እኔ በአፌ ምንም አልተናገርኩም። የእማማ ዶሮ ቀይዋ ዶሮ ቧንቧው አጠገብ ቆማ ነበር። ወደ እሷ አየሁ።

«ዶሮዋ ናት?» አለች እምዬ።

አፌን ሳልከፍት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ። ያ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እምዬ የማትቆጣ ሰው ናት፤ ስትቆጣ ግን ድምጿ ይቀጥናል። «እኅቴ! ዶሮሽን ያዢ ብዬ ስንቴ ልለምንሽ?» ብላ ተጣራች። እማማ ዶሮ ብቅ አሉ። «የእኔ ዶሮዎች ከጠዋት ጀምሮ ቆጥ ላይ ናቸው፣ ይቺ አሁን ነው የወጣችው» አሉ። «ታዲያ ጎመኔን መልአክ ነው የሰበረው?» አለች እምዬ። «እኔ እንጃ፤ የሚያውቀው ያውቃል።» «በገብርኤል ቀን ትዋሺኛለሽ?»

እማማ ዶሮ ለዚህ መልስ አልሰጡም። ቀይዋን ዶሮ ያዙ፣ እግሯን በሲባጎ አስረው ከበራቸው ቋሚ ጋር ቋጠሩት። ከዛ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ነገ አውጥቼ እሸጣቸዋለሁ፣ ፍልሰታ ሳይገባ። አንቺም ታርፊያለሽ» ብለው ገቡ። በሩን ዘጉት። እኛ ግቢ ቀን በር አይዘጋም።

ዝናቡ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረ። መጀመሪያ እንጦጦ ጠፋ፣ ቀጥሎ የባሕር ዛፎቹ ጠፉ፣ ከዛ ቆርቆሯችን መጮህ ጀመረ። መብራትም ሄደ። እምዬ ከሰል አቀጣጥላ ቡና አቀረበች። እንደ ልማዷ ሁለት ስኒ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች፤ ትንሽ አየቻቸውና ሦስተኛ ጨመረች። «የውሃ ጥም ካለብሽ አንቺ ትጠጫለሽ» አለችኝ። ለእኔ ቡና ተፈቅዶልኝ አያውቅም። ሁለተኛው ስኒ የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። አቦሉ ተቀዳ። የእማማ ዶሮ ስኒ ባዶውን ቀረ።

እኔ የማስበው ግን ራኬቱን ነው። በርሜሉ ሞልቶ መፍሰስ እንደጀመረ ከድምፁ ታወቀኝ። ሲሞላ በኋላው በኩል ነው የሚፈሰው። ልክ ራኬቱ ላይ ማለት ነው። ተነስቼ ላምጣው ብል እምዬ ታየኛለች። ሳሎን ያለው ሚስማር ባዶ ነው፤ መብራት ስለሌለ ብቻ ነው ያላየችው።

ያኔ እምዬ ከሰሉን እየቆሰቆሰች «ዝናብ ስወድ» አለች።

«ለምን?» አልኳት። በጭቃና በብርድ ዝናብ የሚወድ አሮጊት አይቼ አላውቅም።

«አባባሽ በጊዜ ይመጣ ነበራ።»

ከዛ ነገረችኝ። ብዙውን የማላውቀው ነው። አባባ በንጉሡ ጊዜ ጀምረው አንድ የውጭ ሰዎች ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ነበሩ። ግቢው የቴኒስ ሜዳ ነበረው፤ ሳር ሳይሆን ቀይ አፈር። አበባውንም ሜዳውንም የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ማለዳ ሜዳውን ይጠርጋሉ፣ ውሃ ይረጩታል፣ በከባድ የብረት መዳመጫ ይዳምጡታል፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ። ፈረንጆቹ ሲጫወቱ ደግሞ ዳር ላይ ቆመው ኳስ ይለቅማሉ። ያኔ ኳሱ ነጭ ነበር አለች እምዬ። (ይህ እውነት ነው። ዊምብልደን ራሱ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በነጭ ኳስ ነበር የሚጫወተው።) ቆጠራውን በእንግሊዝኛ ሰምተው ሰምተው ለመዱት፤ ፊፍቲን፣ ሰርቲ፣ ፎርቲ። ዜሮው «ላቭ» ነው የሚባለው። እምዬ ግን እስካሁን «ላብ» ነው የምትለው። «ፊፍቲን ላብ ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ላቡ የአባባሽ ነበር» አለች። ሳቅ አለች፤ እኔም በጭንቀቴ መሃል ሳቅኩ።

ቀይ አፈር ደግሞ ሲዘንብበት አይሆንም፣ ይላቁጣል። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጥል ጨዋታ የለም፣ ኳስ የሚለቅም አያስፈልግም። ስለዚህ አባባ በጊዜ ይሰናበታሉ። «ደመና ሳይ ሽሮ እጥዳለሁ» አለች እምዬ። «ይመጣል። ኮቱን ሳያወልቅ ወደ መደቡ ነው። ሰው በፀሐይ ፍል አያዛውርም፣ ይጠወልጋል፤ በደመና ነው። ከአንዱ ወዳንዱ እየሄደ ይቆጥራል። አንዱ ረድፍ ሲያልቅ ፊፍቲን ላብ! ብሎ ይጮሃል፤ ጎረቤት እስኪስቅብን።»

በየረድፉ 15 የሆነው ለዚህ ነው።

ራኬቱን የሰጧቸው አንድ ፈረንጅ ሀገራቸው ሲመለሱ ነው። «ያን ቀን» አለች እምዬ፣ «እንደ ዛሬው ዓይነት ዝናብ ነበር። ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ ከራስ ፀጉሩ ውሃ እየወረደ ገባ። ኮትህስ? ብለው፣ ለካ ኮቱን አውልቆ ራኬቷን ጠቅልሏታል። እንጨት ናት፣ ከረጠበች ትጠማለች አለኝ። ሦስት ቀን አሳለው። ያን ሁሉ ዓመት ሜዳውን ሲጠርግ አንድም ቀን አልተጫወተበትም። በዚህች ራኬት የተጫወተው እዚሁ፣ ከአጥሩ ጋር ነው። ድንጋዩ ኳስ ያጣምማል ብሎ ራሱ በሲሚንቶ ለሰነው።»

እኔ ከአባባ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እርጥብ ሱፍ ይሸታሉ። ያ የኔ ትዝታ ይሁን ሰው የነገረኝ አላውቅም ነበር። ኮቱን ስትጠራ ግን ሽታው መጣብኝ። ውጪ በርሜሉ ይፈሳል። ከዛ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«እምዬ፣ ራኬቱ ውጪ ነው» አልኳት።

አላየችኝም፤ ሚስማሩን ነው ያየችው።

«ጎመኑንም እኔ ነኝ። ዶሮዋ አይደለችም።» የቀረውን እያለቀስኩ ነው የተናገርኩት፤ ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። ወንድሜ ከአልጋው ላይ «ዳቦውን ግን በልቼዋለሁ» ማለቱን አስታውሳለሁ።

እምዬ ይመታኛል ብዬ የጠበቅኩት እጇ አልተነሳም። «ሂጂ አምጪው» ብቻ አለች። ሮጥኩ። ራኬቱ ከጭቃና ከውሃ ውስጥ ወጣ፤ ናይለኑ ላይ የውሃ ጠብታ ተደርድሮበታል። ይዤ ስገባ እምዬ ፎጣ አልፈለገችም፤ ለቤተክርስቲያን የምትለብሳትን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ጠቀለለችው። ነጭ ነጠላ በጭቃ! መመታት ይሻለኝ ነበር።

ከዛ የሰበርኩትን ጎመን ከደጃፉ አንስታ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው። «ዶሮ ቅጠል ትነጫለች፣ መሬት ትጭራለች እንጂ ግንድ አትሰብርም። የአትክልተኛ ሚስት ሆኜ ይኼ እንዴት ጠፋኝ? ተናድጄ አላየሁትም» አለች። ለራሷ ነው የምትናገረው። ወደ እኔ ዞር ብላ «እኔ ይቅርታ የምጠይቀው አለኝ። አንቺ ግን ቀድመሽ ሂጂና የምታውቂውን ንገሪያቸው። ጃንጥላ ውሰጂ» አለችኝ።

ጃንጥላውን ሳልወስድ ሄድኩ። ከእኛ በር እስከ እማማ ዶሮ በር 11 እርምጃ ነው። እንደዛን ቀን ረዝሞ አያውቅም። ቀይዋ ዶሮ ከታዛው ጥግ ታስራ ላባዋ ተጣብቆ ግማሽ ሆናለች። አንኳኳሁ። ከፈቱ። ነገርኳቸው። መሃሪያ ሁነኝ ብዬ የምለምነው ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ግን ሁሉም ጠፋብኝና «እኔ ነኝ፣ በኳስ ነው፣ እሷን አይሽጧት» ብቻ አልኩ።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዛ «በይ ፍቺያት» አሉ።

ሲባጎው ረጥቦ ጠብቋል። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ቋጠሮው እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ በጥርሴ ልፈታው ስሞክር ዶሮዋ እጄን ነከሰችኝ፣ ያውም ደህና አድርጋ። እማማ ዶሮ ያኔ ነው የሳቁት። «ካሳዋን ተቀበለች» አሉና ነጠላቸውን አንስተው ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ እኛ ቤት ተራመዱ።

ሲገቡ እምዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ እኔን ልብስሽን ቀይሪ ብለው ወደ ጓዳ ላኩኝ። ስመለስ ተቀምጠዋል። እማማ ዶሮ ስኒያቸውን እያዩ «በረካ ላይ ጠርታችሁኝ ይኼ ምን ቡና ነው፣ ውሃ!» እያሉ ነበር። እምዬ አዲስ ቡና ልትቆላ ምጣዱን አነሳች።

አስራ አንድ ሰዓት ግድም ዝናቡ አባራ። ሳፋው ውስጥ የተረፈ ፍል ነበረ። እኔ የተሰበሩትን ነቀልኩ፣ ጉድጓዱን በእጄ ከፈትኩ፤ እማማ ዶሮ ከቤታቸው አመድ በጣሳ አምጥተው ዙሪያውን በተኑ፤ እምዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ሸማኔው ሳይቀሩ መጥተው ራኬቱን አገላብጠው አዩት። ክሩ ምንም አልሆነም፣ እንጨቱ ግን በአንድ በኩል ጎበጥ ብሏል። በእምዬ ትእዛዝ አድርቄ፣ መያዣው ውስጥ አስገብቼ፣ ብሎኖቹን ራሴ አጠበቅኩ።

ስንጨርስ እምዬ መቁጠር ጀመረች። የመጀመሪያው ረድፍ ሲያልቅ «ፊፍቲን ላብ» አለች። ሁለተኛው ሲያልቅ «ሰርቲ ላብ።» ሦስተኛው ሲያልቅ «ፎርቲ!»

«እምዬ፣ 45 ነው እኮ» አልኳት። «15 ሲባዛ በ3።»

«አርባ ነው» አለች። «አባባሽም እንደዛ ነበር የሚለው። ፈረንጆቹ ከሰላሳ በኋላ አርባ ሲሉ ሰምቶ፣ አምስቷ የት ሄደች? ብለው፣ አምስቱ ለወፍ ነው አለኝ።»

ራኬቱ ሁለት ሳምንት በብሎን ታስሮ ቆየ። ሙሉ በሙሉ አልተቃናም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እምዬ እያየች ከሊሾው ዳር፣ ከጎመኑ ርቄ እጫወትበታለሁ። ኳሱ ወደ ግራ ስለሚሄድብኝ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጌ ነው የምመታው። ዝናብ ሲያካፋ አስገባዋለሁ። ጎመኑን ከመስከረም ጀምሮ ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን እየቀነጠብን እየበላን ነው፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለእማማ ዶሮም በየሳምንቱ አንድ እቅፍ የማደርሰው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ስወጣ ቀይዋ ዶሮ መደቡ ውስጥ ገብታ የዳሩን ጎመን ቅጠል እየነጨች ስትበላ በዓይኔ በብረቱ አየኋት። አሁን እውነቴን ነው። እምዬም በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔ ዶሮዋን አየሁ፣ እምዬ እኔን አየችኝ፣ ከዛ ሁለታችንም ወደ እማማ ዶሮ በር አየን።

እምዬ ነጠላዋን አስተካከለችና «አርባ» ብላ ገባች።